በ«ካንዴላ ብቻ ነው» እና በ«ካምቢዮው ሞቷል» መካከል

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ሁለት አባባሎችን ሳይሰማ አይቀርም። አንደኛው ከግዢው በፊት ከሻጭ ወይም ከደላላ አፍ የሚወጣው «ካንዴላ ብቻ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከግዢው በኋላ ከጋራዥ የሚሰማው «ካምቢዮው ሞቷል» የሚለው ነው። የሚገርመው ሁለቱም የሚነገሩት ስለ አንድ ሕመም መሆኑ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው ወዲያው አይነሣም። ያቅማማል፣ ይታነቃል፣ ከዚያም ድንገት ይዘላል። አለዚያም ማርሽ ሲቀይር ለአፍታ ኃይል ያጣና ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል።

በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ካንዴላ መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ካምቢዮ አውርዶ መክፈት፣ ወይም በሌላ ያገለገለ ካምቢዮ መተካት የአንድ ደመወዝተኛን የብዙ ወራት ገቢ ይበላል። ገዥው መሀል ላይ ቆሞ የሁለቱንም ሂሳብ ይከፍላል። በፊት ሻጩን አምኖ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ በኋላ መካኒኩን አምኖ የጥገና ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ተሳስተው ይገኛሉ።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ስለዚህ ገበያው ላይ ያሉት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ በዕድሜ ላይ ዕድሜ ይጨምራሉ። ዋጋቸው ግን ከዕድሜያቸው ጋር አብሮ አልወረደም። ሃያ ዓመት የሞላው መኪና የአንድ ቤተሰብ የዕቁብና የቁጠባ ገንዘብ ሁሉ የሚፈስበት ንብረት ሆኗል።

ይህን ያህል ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ገበያ ታዲያ መኪናን የሚመዝነው በምንድን ነው? በቀለም ነው። «ቀለም ያልነካት»፣ «አንድ እጅ የተነዳች»፣ «የሴት መኪና» የሚሉት ቃላት ዋጋ ያስጨምራሉ። ስለ ካምቢዮው የሚጠይቅ ገዥ ግን ጥቂት ነው፤ መልስ የሚሰጥ ሻጭም እንዲሁ። የቦሎ ምርመራም ቢሆን የካምቢዮን ውስጥ ከፍቶ አያይም። ውጤቱ በየጋራዡ ደጃፍ ቆሞ የሚታየው ነው።

በየሰፈሩ የሚደጋገመው ታሪክ

ታሪኩ በዝርዝሩ ቢለያይም አካሄዱ አንድ ነው። አንድ ባለ ደመወዝ ለዓመታት ያጠራቀመውን ይዞ ኮሮላ ሊገዛ ይመጣል። መኪናዋ ተነሥታ፣ ሞቃ፣ ታጥባ ትጠብቀዋለች። ሲነዳት ከመብራት ላይ ስትነሣ ለቅጽበት ትታነቃለች። ገዥው ፊቱን ወደ ደላላው ሲያዞር መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ አልተነካችም። ትንሽ ካንዴላዋ ነው። ነገ ቀይረው ሲነዷት ያመሰግኑኛል።»

ስምምነቱ ይፈጸማል። ካንዴላው ይቀየራል። መኪናዋ ግን እንደ ልማዷ ትታነቃለች። ባለቤቱ ጋራዥ ይወስዳታል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በቆመበት ያስጮኸዋል። ሞተሩ ያለ ችግር ይጮኻል። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ሊነሣ ሲል ትታነቃለች። ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፤ «ጋሼ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ማርሽ ሲገባ ብቻ ነው የምትታነቀው፤ ስለዚህ ካምቢዮው ሞቷል።» ነገሩ ለሰሚው አሳማኝ ይመስላል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ ይገዛል፣ ይወርዳል፣ ይገጠማል፣ ገንዘቡ ያልቃል። መኪናዋ ግን አሁንም ከመብራት ላይ ስትነሣ ትታነቃለች።

በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያለ ባለሙያ ከአየር ፊልትሮው እስከ ሞተሩ ድረስ ያለውን የጎማ ቱቦ በእጁ ጎንበስ አድርጎ ያያል። እጥፋቱ ውስጥ ስንጥቅ አለ። ሞተሩ በቆመበት ሲጮህ ስንጥቁ ተገጣጥሞ ይቆያል። ማርሽ ገብቶ መኪናው ሊነሣ ሲል ግን ሞተሩ በመቀመጫዎቹ ላይ ዘንበል ስለሚል ስንጥቁ ይከፈታል። በአየር መለኪያው ያላለፈ አየር ይገባና ነዳጁ ያንሳል። መኪናው የሚታነቀው ለዚህ ነበር። የተለወጠው ካምቢዮ አንዳች ጥፋት አልነበረበትም።

ከዚህ ታሪክ የሚያሳዝነው መካኒኩ መሳሳቱ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። የሚያሳዝነው እውነቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዳሽቦርዱ ላይ ተጽፎ መቆየቱ ነው። ያነበበው ግን አልነበረም።

ቀስቱን ማን ይመለከታል?

አውቶማቲክ መኪና ሲያቅማማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሞተር ዙር መቁጠሪያው ቀስት ወዴት ሄደ?

ነዳጁ ተረግጦ ቀስቱ ካልተነሣ፣ ወይም ወደ ታች ወድቆ ከቆየ በኋላ ከተነሣ፣ ጥፋቱ ያለው በሞተሩ በኩል ነው። ሞተሩ ኃይል አላመነጨም። ካምቢዮው ያልተሰጠውን ኃይል ወደ ጎማ ሊያስተላልፍ አይችልም። በዚህ ጊዜ የሚጠረጠሩት ካንዴላና ኮይል፣ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የነዳጅ ፊልትሮና ፓምፕ፣ እንዲሁም የታፈነ ማርሚታ ናቸው።

ቀስቱ ሽቅብ ከወጣና ሞተሩ ከጮኸ ነገር ግን መኪናው ካልተከተለ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሞተሩ ሥራውን ሠርቷል። ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህ መንሸራተት ነው፤ የካምቢዮው ዘይት አንሷል ወይም ተቃጥሏል፣ አለዚያም በውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች አልቀዋል፣ ወይም ግፊት የሚሰጡት ሶሌኖይዶችና ቫልቮች ታመዋል።

ይህን ለማየት ጋራዥ አያስፈልግም፣ መሣሪያም አያስፈልግም። አንድ ሰው ሲነዳ ሌላው ጎን ተቀምጦ ቀስቱን ይመልከት። ከላይ የተጠቀሰችው ኮሮላ ስትታነቅ ቀስቷ ይወድቅ ነበር። ያን ያስተዋለ ሰው ካምቢዮ ለማውረድ ቁልፍ ባላነሣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ገበያው «አውቶማቲክ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለጃፓን ገበያ የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ በአብዛኛው ሲቪቲ የሚባል ካምቢዮ አለው። የዚሁ መኪና ወንድም የሆነውና በያሪስ ስም ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሸጠው ግን ባለ አራት ማርሽ መደበኛ አውቶማቲክ ነው። አካላቸው አንድ ነው፤ ሆዳቸው ይለያያል። ሲቪቲ በብረት ቀበቶና በሁለት ፑሌዎች የሚሠራ ስለሆነ ማርሽ የሚቀይርበት ቅጽበት የለውም። ነዳጅ ሲረገጥ ዙሩ ከፍ ብሎ እዚያው ይቆይና መኪናው ቀስ እያለ ይደርስበታል። ይህ ጠባዩ እንጂ ሕመሙ አይደለም። ሕመም የሚሆነው መንቀጥቀጥ፣ ማንሸራተት ወይም የማያቋርጥ ጩኸት ሲኖረው ነው። ለሲቪቲ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። ለመደበኛው አውቶማቲክ የተሠራውን ቀይ ዘይት የሞላበት ሰው ቀበቶውንና ፑሌዎቹን ለጥፋት አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ገዥ ለሻጩ የሚያቀርበው ሁለተኛ ጥያቄ «ምን ዘይት ነው የተደረገበት?» የሚል መሆን አለበት። መልስ የሌለው ሻጭ ራሱ መልስ ነው።

ሞቆ የሚጠብቅ መኪና

ገዥ ከመምጣቱ በፊት ሞተር አሙቆ መጠበቅ የቆየ ዘዴ ነው። ብዙ ጥፋት የሚታየው መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ሲነሣ ነውና። ብልህ ገዥ ከሰላምታ ቀጥሎ እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ከሞቀ፣ በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። ሻጩ «ነገ አልመችም» ካለ ደግሞ መቸኮል የለበትም፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ የሞተር ምልክት ያለበት ብጫ መብራት መብራት አለበት። ከተነሣ በኋላ ደግሞ መጥፋት አለበት። መጀመሪያውኑ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል ማለት ነው። እየነዱ ሳለ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ በኃይል እየሳተ ነው፤ ብዙ ከተነዳ የማርሚታውን ማጣሪያም ያቃጥላል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ያለው «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት በተመሳሳይ መንገድ ይናገራል። ያለማቋረጥ ከበራ ነጂው ከፍተኛውን ማርሽ በቁልፍ ዘግቶታል ማለት ብቻ ነው። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ካምቢዮው ራሱ ጥፋት መዝግቧል። ቁልፉን ሳያውቁ ነክተው ለወራት በሦስተኛ ማርሽ እየነዱ «መኪናው ነዳጅ ይበላል፣ አይሮጥም» የሚሉ ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ፍሬን እንደተረገጠ ማርሹን ከኒውትራል ወደ «ዲ»፣ ቀጥሎም ወደ «አር» ማስገባት ነው። ማርሹ ሲይዝ መኪናው ትንሽ ይነቃነቃል። ቶዮታ ለብዙዎቹ የቀድሞ ካምቢዮዎቹ ባወጣው የጥገና መመሪያ መሠረት ወደ «ዲ» ለመያዝ ከ1.2 ሴኮንድ፣ ወደ «አር» ለመያዝ ከ1.5 ሴኮንድ በላይ መውሰድ የለበትም። ሁለት ሦስት ሴኮንድ የሚጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ በኃይል «ደፍ» ብሎ የሚገባ ካምቢዮ የውስጥ ግፊቱ ደክሟል። ይህን ጉድለት ካንዴላ አያመጣውም።

ፍሬን ረግጦ ነዳጅ በመስጠት የሚደረግ ሌላ ሙከራም አለ። የሞተሩን ዙር ጣሪያ አይቶ ሞተሩን ከካምቢዮው ለመለየት ይረዳል። ይሁን እንጂ ከአምስት ሴኮንድ በላይ ከቆየ ዘይቱን ያፈላል፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ገዥ በራሱ እንዲሞክረው አይመከርም፤ ለባለሙያ የሚተው ነው።

የዘይቱ ቀለም

የካምቢዮ ዘይት እንደ ደም ምርመራ ነው። መለኪያ ዘንግ ባላቸው ቶዮታዎች ላይ የሚታየው ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሹ ሁሉንም ቦታ ነክቶ ወደ «ፒ» ከተመለሰ በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነው። በሆንዳ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው የሚለካው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ዘይቱ ሳይጎድል ይጨምራል፣ ጎድሎም ሞላ ይላል። በአዳዲሶቹ ብዙ መኪኖች ላይ ዘንጉ ራሱ የለም። መለካት የሚቻለው መኪናው ተነሥቶ ከታች በሚፈታ ቡሎን ነው።

በነጭ ጨርቅ ላይ የተጠረገ ዘይት ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነና ጥርት ካለ ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው የፍሪሲዮን ሸራዎቹ በልተዋል። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ ከራዲያተሩ ውኃ ገብቷል፤ የካምቢዮው ዘይት በብዙ መኪኖች ራዲያተሩ ውስጥ ነው የሚቀዘቅዘውና። እንዲህ ዓይነቱን መኪና በማንኛውም ዋጋ ትቶ መሄድ ይሻላል። አረፋ ካለው ደግሞ ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቷል። ዘይት ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ መኪናው በተለይ ዳገት ላይና መታጠፊያ ላይ ያንሸራትታል። የዚህ መድኃኒቱ አንዳንዴ አንድ ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ የት እንደ ሄደ ካልታወቀ ግን ጨምሮ ዝም ማለት አያዋጣም።

ብዙ ሻጮች ከሽያጭ በፊት ዘይቱን ይለውጡና «ዘይቷ እንኳ አዲስ ነው» ይላሉ። ይህ ምስክርነት በራሱ ብዙ አያሳምንም። ከታች ሲቀዳ የሚወጣው ከጠቅላላው ዘይት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ነው፤ የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የተቃጠለ ዘይት በአንድ ጊዜ ለውጥ ሽታው ጨርሶ አይጠፋም። ማሽተት የቻለ ገዥ ይደርስበታል።

«የአዲስ አበባ አየር ነው»

ሦስተኛ ማመካኛም አለ፤ «የአዲስ አበባ አየር ነው፣ ናዝሬት ሲወርዱ ትበራለች» የሚል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስላለው አደገኛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። በኮምፒዩተር የሚመራ ሞተር የነዳጁን መጠን ከአየሩ ጋር ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን ኃይል አይመልስም። አዳማ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል መኪናው እዚያ ይበልጥ ይቀልለዋል።

ሆኖም በአየሩ የሚጠፋው ኃይል ጠባይ አለው። ሁልጊዜም አለ፣ ጠዋትም ማታም እኩል ነው፣ ደግሞም ለስላሳ ነው። መኪናው ይደክማል እንጂ አይታነቅም። አንዴ ታንቆ አንዴ የሚዘል፣ ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚለግም፣ ወይም ዳገት ላይ ብቻ የሚያንሸራትት መኪና አየር አላመመውም። አየር መርጦ አያጠቃም።

ይህን ለመለየት ከተማዋ ራሷ መሣሪያ ናት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት አንድ ጊዜ ከተወጣ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ መታነቁን፣ ያለቀ ካምቢዮም ማንሸራተቱን ሳያሳይ አይቀርም። መሀል ከተማ ላለ ሰው ከቸርችል ጎዳና ታች ተነሥቶ ወደ ፒያሳ መውጣት ይበቃል። መኪናው ዳገቱ መሀል ላይ ቆሞ እንደገና እንዲነሣ ማድረግ ይገባል። ሜዳ ላይ ብቻ የሚያስነዳ ሻጭ ምክንያት አለው።

ቀጥሎ የቀለበት መንገዱ ይመጣል። በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ነዳጁን ለስለስ አድርጎ ሲነዳ መኪናው በኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ከተንዘረዘረ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንዱ የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ፍሪሲዮን ነው፤ ሌላው የሚስት ሞተር። መንገዱ ነፃ በሆነበት ቦታ ነዳጁን ሳይለቁ ፍሬኑን በጣም ቀላል አድርጎ መንካት መቆለፊያውን ያስፈታዋል። መንዘርዘሩ ያኔ ወዲያው ከጠፋ ጥፋቱ ካምቢዮው ዘንድ ነው፤ አንዳንዴም ትክክለኛ ዘይት በመለወጥ ይድናል። ካልጠፋ ወደ ኮይልና ካንዴላ መመለስ ይገባል።

ኮምፒዩተር የሚናገረውና የማይናገረው

ዛሬ በየጋራዡ ስካነር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ መኪኖች ግዴታ የሆነው የምርመራ ሶኬት በኋላ በሌላውም ዓለም ተስፋፍቷል። በ«ፒ 03» የሚጀምሩ ኮዶች ስለ መቀጣጠል፣ በ«ፒ 07» የሚጀምሩት ስለ ካምቢዮ ይናገራሉ። «ፒ 0171» ሞተሩ አየር በዝቶበት ነዳጅ እንዳነሰው ያመለክታል። የተሰነጠቀው ቱቦ ታሪክ ውስጥ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሊፈለግ የሚገባው ይህ ነበር።

ነገር ግን ኮድ ፍርድ አይደለም፤ ምስክር ነው። «ካንዴላ ሳተ» የሚል ኮድ ካንዴላውን ሳይሆን ኮይሉን ወይም የነዳጅ መርጫውን ሊያመለክት ይችላል። ኮድ የሌለው መኪና ሁሉም ጤነኛ አይደለም። ደግሞም ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ፈትቶ ወይም በስካነር አጥፍቶ ማቅረብ ይቻላል። ይህን ተንኮል የሚያጋልጥ ነገር እዚያው ስካነር ውስጥ አለ። መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሞኒተሮች «አልተጠናቀቁም» የሚል ምልክት ካሳዩ ማኅደረ ትውስታው በቅርቡ ተጠርጓል። ሻጩ «ባትሪ ቀይሬ ነው» ሊል ይችላል። ሊሆንም ይችላል። ያኔ መኪናው ለጥቂት ቀናት ተነድቶ እንደገና ይታይ።

ነዳጁም መረሳት የለበትም። ነዳጅ በሚጠፋባቸው ሳምንታት በጀሪካን ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ውኃና ዝቃጭ፣ አንዳንዴም ላምባ የተቀላቀለበት ሆኖ ይገኛል። ፊልትሮውን የሚደፍነው፣ ፓምፑን የሚያደክመው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማቅማማት ሞተሩንም ካምቢዮውንም በሐሰት ያስከስሳል።

ሕጉ ምን ይላል? ውሉስ?

የመኪና ሽያጭ ውል በሰነዶች ማረጋገጫ ሲፈረም ገዥው መኪናውን አይቶና ወዶ፣ ባለበት ሁኔታ እንደ ገዛ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ገዥዎች ከዚያ ፊርማ በኋላ አፋቸው የተዘጋ ይመስላቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የሰወረ ሻጭ «ኃላፊነት የለብኝም» ባለው የውል ቃል ሊከለል አይችልም። በአንጻሩ ሕጉ ገዥውንም ያስገድዳል። ዕቃውን ወዲያው መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በምርመራ ሊታይ የሚችለውን ሳያይ የገዛ ሰው ለክርክር ደካማ ቦታ ላይ ይቆማል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በግማሽ ቀን የሚደረገው ሙከራ ገዥውን ከመጥፎ መኪና ከማዳኑም በላይ ማስረጃ ይሆነዋል። በአንድ ወረቀት ላይ ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱ ቀለም፣ ማርሹ የሚይዝበት ጊዜ፣ ዳገት ላይ የታየው ነገርና የስካነሩ ውጤት ተጽፎ ሁለቱም ቢፈርሙበት ነገ «አልነገርከኝም»፣ «ነግሬህ ነበር» የሚባል ክርክር አይኖርም። ይህ ወረቀት ዛሬ በገበያው የተለመደ አይደለም። ሊለመድ የሚገባው ግን እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ደላሎች በበኩላቸው ይህ አካሄድ ገበያውን ያቀዘቅዛል ይላሉ። ገዥ ሁሉ ሦስት ቀን ልሞክር፣ እንጦጦ ልውጣ ካለ ሽያጭ አይፈጸምም የሚል ነው ክርክራቸው። አባባሉ ከኮሚሽን አንጻር ካልሆነ በስተቀር ሚዛን አይደፋም። ደላላው የሚከፈለው ሽያጭ ሲፈጸም ብቻ ነውና ምርመራው ለእሱ ኪሳራ ሊመስለው ይችላል። ለሐቀኛ ሻጭ ግን ትርፍ ነው። ዛሬ ዘይቱን በሰዓቱ የለወጠና ደረሰኙን ያስቀመጠ ባለቤት ካምቢዮውን ካቃጠለው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ገዥ ልዩነታቸውን ማየት ስለማይችል። ጥሩውን ከመጥፎው የማይለይ ገበያ ጥሩ የያዘን ሰው ከገበያ ያስወጣል። የሚቀረው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለጋራዦችም የሚነገር አለ። ካምቢዮ ይውረድ ከመባሉ በፊት ርካሹ ቀድሞ ሊታይ ይገባል። አየር፣ ቱቦ፣ ካንዴላ፣ ነዳጅ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ሶሌኖይድ፣ በመጨረሻ ካምቢዮ። ይህ ቅደም ተከተል ለባለሙያው የሚያስገኘው ገንዘብ አነስተኛ ቢመስልም ደንበኛውን ለዓመታት ያቆይለታል። ባለመኪናውም ለምርመራ ብቻ መክፈልን መልመድ አለበት። ብዙ ሰው ዕቃ ሲቀየርለት ይከፍላል፤ «ምንም መቀየር አያስፈልግም» ላለው ባለሙያ ግን ለመክፈል ቅር ይለዋል። ይህ ልማድ እስካለ ድረስ መካኒኩ የሚቀየር ነገር መፈለጉ አይቀርም።

እንግዲህ በ«ካንዴላ ብቻ ነው» እና በ«ካምቢዮው ሞቷል» መካከል ያለው ርቀት ብዙ አይደለም። አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት፣ አንድ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ዳገት፣ ቀስቱን የሚያይ አንድ ጓደኛና የሁለት ሰው ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት ነው። የዓመታት ቁጠባውን ይዞ ለሚመጣ ገዥ ይህን ግማሽ ቀን የሚከለክል ሻጭ ከመኪናው ይበልጥ ስለ ራሱ ይናገራል። ያን የሰማ ገዥ ገንዘቡን በኪሱ እንደያዘ ወደ ቤቱ ቢመለስ አያፍርም።